ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ

አንዲት ሴት ነበረች። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በአንድ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደብዳቤ እየጻፈች የምትተዳደር ሴት። የሺ ይሏታል። ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው እሷ ትቀመጣለች፤ በኋለኛው ሊቀመንበሩ አቶ ገብረየስ። ወደ ሊቀመንበሩ የሚገባ ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ አጠገብ ያልፋል። ስለዚህ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ፊቱን አጥቁሮ ወጣ፣ ሁሉንም ታውቃለች።

አቶ ገብረየስ ፓርቲውን ሃያ ሁለት ዓመት መርተዋል። በዚያ ዓመት ፓርቲው በምርጫ ክፉኛ ተሸነፈ። አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም። በነሐሴ መጨረሻ አባላቱ በትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰበሰቡ። አቶ ገብረየስ ተነሡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "ሌላ ሰው አትፈልጉ። አዲሱ ዓመት ሳይገባ ከዚህ ወንበር እወርዳለሁ። ቦታውን ለምክትሌ ለመምህር ዘርይሁን እለቃለሁ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያለቀሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። የሺም አለቀሰች። እናንተስ ብትሆኑ አታለቅሱም ነበር? ጥፋቱን በአደባባይ ያመነ መሪ ስንት ጊዜ አይታችኋል?

በማግስቱ ጠዋት አስጠሯትና "ጻፊ" አሏት። እሳቸው ተናገሩ፤ እሷ ጻፈች። አጭርና ያማረ ደብዳቤ ነበር። ፈረሙበት። ማኅተምም አደረጉበት።

"የዛሬን ቀን ልጻፍበት?" አለች የሺ።

"ቀኑን ተይው። እሱን እኔ እሞላዋለሁ። አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ እኔ ጋ ወረቀት ይጠፋል።"

መሥሪያ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በደብዳቤ ራስጌ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ሁለት መስመር ነጠብጣብ አለ። አንዱ "ቁጥር" ይላል፤ አንዱ "ቀን" ይላል። ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቢፈረምበት፣ ማኅተም ቢያርፍበት፣ ቀን ከሌለው ደብዳቤው የትም አይሄድም። የሺ ይህን ታውቃለች። አቶ ገብረየስም ያውቃሉ። ደብዳቤውን በመሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችና ቆለፈች።

በዚያው ሳምንት ወደ የሺ ቤት ሽማግሌዎች መጡ።

የሺ አንዲት ታላቅ እህት አለቻት፤ ማንጠግቦሽ ትባላለች። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በእናታቸው ቀብር ላይ፣ ማንጠግቦሽ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት "ስታጣጥር ያልመጣሽ ዛሬ ለማን ልታለቅሺ ነው?" አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእግዚአብሔር ሰላምታ እንኳ በመካከላቸው የለም። አሁን ግን ማንጠግቦሽ ታማለች። እግሯ አብጦ ከአልጋ መውረድ አቅቷታል።

"ልጄ፣" አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አባባ ጥላዬ፣ "እሷ መምጣት አትችልም። ይቅር በይኝ ብላ ልካናለች።"

የሺ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "ይቅር ብያታለሁ" አለች። "እሄዳለሁ። ቀኑን ግን ለእኔ ተዉልኝ።"

ሽማግሌዎቹ መርቀዋት ሄዱ። ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ያዙት። አትጣሉት።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንመለስ። አቶ ገብረየስ በስብሰባው ሰሞን ከክፍላቸው ግድግዳ ላይ የራሳቸውን ፎቶ አውርደው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በር ሥር አስቀምጠው ነበር። "ይዤው ልሄድ ነው" ብለዋል። ዘመን ተለወጠ። የእንቁጣጣሽ ማግስት የሺ ክፍሉን ልትጠርግ ስትገባ ፎቶው ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ጠጋ ብላ አየችው። ምስማሩ አዲስ ነው። ከድሮውም ይረዝማል።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? የሺ መጠርጠር ጀመረች።

መምህር ዘርይሁን በየዓርቡ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ብቅ ይላል። እንደቆመ ይጠይቃታል።

"ተፈርሟል?"

"ተፈርሟል።"

"ማኅተምስ?"

"አለው።"

"ታዲያ ምን ቀረው?"

"ቀን የለውም መምህር።"

መምህሩ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። በጥቅምት አንድ ቀን ከሊቀመንበሩ ክፍል እየሳቀ ወጣ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። "'ትንሽ ይብሰል' አሉኝ" አላት። "እኔን! በሃምሳ አንድ ዓመቴ ካልበሰልኩ፣ ከእንግዲህማ ማረር ነው።"

በዚያው ወር አቶ ገብረየስ ወንበራቸውን በአዲስ ቆዳ አስለበጡ። የሺ አየች። የሚሄድ ሰው ወንበር ያስለብጣል? በኅዳር በውጭ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ ቀለም ሲያስቀቡ፣ ከፓርቲው ስም ሥር የራሳቸውን የእጅ ስልክ ቁጥር አስጻፉ። የሺ ይህንንም አየች። የሚለቅ ሰው ስልኩን በር ላይ ያስጽፋል? በመስከረም "አባላቱ በበዓሉ ተበትነዋል" ብለው ነበር። በኅዳር ደግሞ "ጊዜው አስጊ ነው፤ አሁን ብለቅ ከዳን ይሉኛል" አሉ።

የሺ ማንንም ማመን አቃታት። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው መሳቢያውን ከፍታ ደብዳቤውን ማየት ሆነ። ነጠብጣቦቹ ባዶ ናቸው። ማታ ስትወጣም ታያለች። ባዶ ናቸው። ለጎረቤት ታወራለች። ለባለሱቅ ታወራለች። "ምላሳቸው ወጥቷል፤ እግራቸው አልወጣም" ትላለች፤ ሰውም ይስቃል። እውነቷን ነው። ያየችው ሁሉ እውነት ነበር። አባላቱም አንድ በአንድ መቅረት ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን ገበያ መንገድ ላይ አባባ ጥላዬ አገኟት።

"ሄድሽ እንዴ ልጄ?"

"ይቅር ብያታለሁ እኮ አባባ! የቀረው መሄዱ ብቻ ነው።"

"እብጠቱ ከጉልበቷ አልፏል።"

"ውይ! ምን ላድርግ፣ ሥራ ያዘኝ። እኚህ ሰውዬ ይውረዱና ትንሽ ልተንፍስ።"

ሰማችሁ? እህቷ ዘንድ የማትሄደው ሊቀመንበሩ ስላልወረዱ ነው። ሰው ለሰው ምክንያት ይሆናል። አባባ ጥላዬ ግን አልተቆጡም። በትራቸውን አንሥተው "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው ሄዱ።

ታኅሣሥ ገባ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። አባባ ጥላዬ ናቸው።

"የሺ፣ ማንጠግቦሽ እህል ካልቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው።"

የሺ ደነገጠች። "በዚህ ሳምንት መጨረሻ" አለች። "በዚህ ካልሆነ በሚቀጥለው፣ አይቀርም አባባ።"

ስልኩን እንደዘጋች መምህር ዘርይሁን ገባ። ቀኑ ዓርብ አልነበረም። አልተቀመጠም፤ "ተፈርሟል?" ብሎም አልጠየቀም። የአባልነት መታወቂያውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

"ለሳቸው ስጪልኝ" አላት። "ቀን ጽፌበታለሁ በይልኝ።"

የሺ ደሟ ፈላ። መሳቢያዋን ከፈተች። ደብዳቤውን አነሣች፤ እስክሪብቶ ያዘች፤ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በዚያ ቤት ስትሠራ ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም። መታወቂያውንና ደብዳቤውን ፊታቸው ዘረጋች።

"ጋሼ፣ መምህር ዘርይሁን ሄደ። እርስዎ ደግሞ ቀኑን ይሙሉ።"

አቶ ገብረየስ ቀና ብለው አዩዋት። እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ክዳኑን ነቀሉ። ነጠብጣቦቹን አዩ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። እጃቸው ከወረቀቱ በላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ከደኑት።

"የሺ፣" አሉ ለስለስ ብለው፣ "አንቺም እንደ ሰዉ ውሸታም ነው ትያለሽ። ስሚኝ፤ ለነሱም ንገሪልኝ። እኔ አልዋሸሁም። እወርዳለሁ ብያለሁ፤ እወርዳለሁ። ይኸው ፈርሜያለሁ። ቀኑን ግን ለእኔ ተዉልኝ።"

የሺ መልስ አዘጋጅታ ነበር የገባችው። ከመስከረም ጀምሮ ስታዘጋጀው የነበረ መልስ ነው። ልትናገር ስትል ግን ቃሉ ጆሮዋ ላይ ደወለ። ይህን ቃል የት ነው የሰማችው? ማን ነው እንዲህ ያለው? "ቀኑን ግን ለእኔ ተዉልኝ።" በማን ቤት? በማን አፍ?

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

"ምነው? አመመሽ እንዴ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ፈቃድ እፈልጋለሁ" አለች።

"እሺ፣ ምን ችግር አለ። ለመቼ?"

"ለዛሬ።"

"ዛሬማ ከሰዓት ስብሰባ አለኮ። ነገ ቢሆን..."

"ለዛሬ" አለች የሺ።

ነጠላዋን ከወንበሯ ላይ አነሣች። መሳቢያዋን አልቆለፈችም። መናኸሪያ ደርሳ ሊነሣ በተቃረበ አውቶቡስ፣ ከኋላ ወንበር፣ ከሽንኩርት ጆንያ አጠገብ ተቀመጠች። ሦስቱን ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ትለምን ነበር። "ጌታ ሆይ፣ አትቅደመኝ።"

ደረሰች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ማንጠግቦሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። የሺ።"

ማንጠግቦሽ አልዞረችም። ወደ ግድግዳው እንዳየች፣ "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አለች።

"ሐሙስ።"

"ሐሙስ?" አለች ማንጠግቦሽ። "እኔኮ እሑድ እሑድ ነበር የምጠብቅሽ። ሌላውን ቀን ሥራ አለባት ብዬ።"

ከነሐሴ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ አሥራ ስድስት እሑድ አልፏል። አሥራ ስድስት ጊዜ ያቺ ሴት በዚያ አልጋ ላይ ሆና የበሩን ድምፅ አዳምጣለች።  የሺ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያበጠውን እግር አቀፈች። ማንጠግቦሽ በማግስቱ ከእህቷ እጅ ሁለት ማንኪያ አጥሚት ጠጣች። ከዚያ በኋላ አብረው የኖሩት ሁለት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ።

ወገኖቼ፣ አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ ስጀምር ብዙዎቻችሁ አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል። "ይህ ምሳሌ ለእገሌ ነው፤ ምነው ዛሬ በመጣ!" ያላችሁ አላችሁ። ወደ ጎን የተያያችሁም አላችሁ። ደግሞ ስንጨርስ ውጭ ጠብቃችሁ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። "ለመሆኑ ሰውዬው ወረዱ ወይ?" ትሉኛላችሁ።

እኔ ምን አውቃለሁ? ደብዳቤው እስከ ዛሬ በዚያ መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የእሳቸውን ቀን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው፤ በአምላክ ፊትም የሚጠየቁበት እሳቸው ናቸው። የሺ ስለ እሳቸው የጠረጠረችው ሁሉ ልክ ነበር። ልክ መሆኗ ግን እህቷ ዘንድ አላደረሳትም። አራት ወር ሙሉ የሰው ምስማር ስትለካ፣ በቤቷ ያለውን ምስማር ማን ለካው?

መጠጥ ትቻለሁ ያልከው ወንድሜ፣ ትተሃል፤ ከመቼ ጀምሮ? ታርቄያለሁ ያልሽው እህቴ፣ ታርቀሻል፤ ቤቷ ሄደሽ እጇን የያዝሽው መቼ ነው? "ጌታን እከተላለሁ፣ ልጆቼ ይደጉና" ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ አድገው የልጅ ልጅ አሳዩአችሁ አይደለም ወይ? ማናችንም እንቢ አላልንም። ሁላችንም እሺ ብለናል። ፈርመናል። አንዳንዶቻችን አልቅሰን ነው የፈረምነው። በእናንተ ደብዳቤ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ተሞልተዋል ወይ?

እኔም በዚህ ሳምንት መሳቢያዬን ከፍቼ አይቻለሁ። ያየሁት አላስደሰተኝም። ስለዚህ ከእናንተ በላይ ቆሜ አይደለም የምናገረው።

አሁን ስንወጣ ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ አለ፤ ወደ መናኸሪያም የሚወስድ መንገድ አለ። ከእናንተ መካከል የአንዳችሁን ኮቴ የሚያዳምጥ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራል። ሌላውን ቀን ሥራ አለበት ብሎ ዛሬን የሚጠብቅ።

ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?

ዛሬ እሑድ ነው።