አልፈታም ያለው ዳዶ

ተረት ነው ብትሉ ተረት፣ ወሬ ነው ብትሉ ወሬ፤ ያየች ዓይን አታስቀርም።

ባሕር ዳር ውስጥ ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ሆስፒታል ገብተው የዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው፣ ፋሻቸው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሊፈታ ነው። «መጀመሪያ ማየት የምሻው አንተን ነው፤ ያውም ብስክሌትህ ላይ ጉብ ብለህ። በባጃጅ ከመጣህ ጨፍኜ እቆይሃለሁ» ብለዋቸዋል።

ጠዋት ብስክሌቱን ቢያነሱት የኋላ ጎማው ሞዞ፣ ያ የጎማው እንብርት፣ ዝጎ ተጣብቋል።

ጎማውን «ዙር» አሉት። ጎማው፣ «ዳዶዬ ካልተፈታ አልዞርም» አለ።

ዳዶውን ነጭ ጋዝ አጠጡት፣ በመዶሻ ኮረኮሙት። ዳዶው፣ «እኔና የውስጡ ወንድሜ ተናክሰናል። እሱን ቀጭን የዳዶ መፍቻ ቁልፍ ካልያዘልኝ አልፈታም» አለ። ዳዶው አልፈታም፣ ጎማው አልዞርም፤ ጋሽ ድንበሩም ቁጭ።

ቀጭን ቁልፍ ያለው ብስክሌት ጠጋኙ ስመኘው ዘንድ ነው። ስመኘው ለተዝካር ገጠር ወርዷል፤ የዕቃ ሳጥኑ በረንዳው ላይ ተቆልፏል። ሳጥኑ፣ «ቁልፌ ካልመጣ አልከፈትም» አለ። እስቲ ይታያችሁ፣ ቁልፍ ለማውጣት ቁልፍ። ሳጥኑ አልከፈትም፣ ቀጭኑ ቁልፍ አልወጣም፣ ዳዶው አልፈታም፣ ጎማው አልዞርም፤ ጋሽ ድንበሩም ቁጭ።

የሳጥኑን ቁልፍ የያዘችው የስመኘው እህት ላቀች ናት። ጋሽ ድንበሩ በአጥሯ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ቁልፍ ስጪኝ» ቢሏት፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ወረወረችላቸው።

«ይሄ አይደለም። የቁልፉን ቁልፍ ነው።»

«እንግዲህ እኔ እንዲህ ያለ ቋንቋ አይገባኝም» ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ላቀች አልሰጥም፣ ሳጥኑ አልከፈትም፣ ቀጭኑ ቁልፍ አልወጣም፣ ዳዶው አልፈታም፣ ጎማው አልዞርም፤ ጋሽ ድንበሩም ቁጭ። ፀሐይዋ ግን ቁጭ አላለችም፤ አምስት ሰዓት ሆነ።

ከአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣ አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ ስሟን ተዉት። «ጋሽዬ፣» አለች ዝቅ ብላ፣ «ላቀች እኮ አኩርፋ ነው። እትዬ አስካለን ሆስፒታል ሲያስገቡ ለሰፈሩ ነግረው እሷን ዘለሏት። ሾርባ ሠርታ፣ ሳይነግሩኝ እንዴት እሄዳለሁ ብላ፣ ደፍታዋለች።»

ጋሽ ድንበሩ ደነገጡ። ለሰው ሁሉ የነገሩ መስሏቸው ነበር። ላቀች ግን፣ «ኩርፊያዬ ካልተፈታ አልሰጥም» ብላለች በሆዷ። ኩርፊያው አልፈታም፣ ላቀች አልሰጥም፣ ሳጥኑ አልከፈትም፣ ቀጭኑ ቁልፍ አልወጣም፣ ዳዶው አልፈታም፣ ጎማው አልዞርም።

ዞረው በበሯ ገቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ላቀች፣ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አስካለ ታማ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ፋሻዋ ዛሬ ይፈታል። አብረሽኝ ነይ፣ እሷም ትይሽ።»

ላቀች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይኼን ለማለት ይኼን ያህል ቀን? ቆይ እንግዲህ፣ ሾርባ ላሙቅ።»

ኩርፊያው ተፈታ፣ ላቀች ሰጠች፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ቀጭኑ ቁልፍ ወጣ፣ የውስጡን ዳዶ ያዘ፣ የውጪው ቀጭ ብሎ ተፈታ፣ ኩሽኔታው ታጥቦ ግራሶ ጠጣ፣ ጎማው ዞረ። ላቀች ፔርሙዟን ታቅፋ ከኋላ ተፈናጠጠች፤ በዘንባባው ሥር እየተንገጫገጩ በረሩ።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነርሷ እትዬ አስካለን ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ አስቀምጣ ፋሻውን ፈታች። እትዬ አስካለ አዩ። ባላቸው ብስክሌቱ ላይ ጉብ ብለው፣ እጃቸው እስከ ክርን በግራሶ ጠቁሮ፤ ከኋላቸው ላቀች፣ ሾርባ ይዛ።

«እግዜርን አንድ ሰው ብለምነው ሁለት ሰጠኝ» አሉ። «ተመስገን። ላቀች፣ ነይ ሳሚኝ። አንተ ግን መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።»

የእኔም ምላስ የተፈታው እስከዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ቋጠርኩት።