አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች

በእኛ በኩል ልጅ ሲዳር የምትነገር አንዲት አባባል አለች። ወጣቶቹ ለሳቅ ይሏታል እንጂ መነሻዋን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ነገሩ የሆነው በሃምሳ አለቃ ደምሌ ቤት ነው።

ሃምሳ አለቃ ከሰሜን ጦር ግንባር ከተመለሱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ጦርነቱ ግን አብሯቸው መጥቶ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ነገር ጧ ያለ እንደሆነ "ተኛ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ራሳቸውም መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ብርቄ መጀመሪያ ሰሞን ቆመው ያባብሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን ቆሞ የቀረ ሰው ካዩ ይብስባቸዋል፤ እየተንቀጠቀጡ እግር ይዘው ይጎትታሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ መተኛት ለመደ። ልጃቸው የሻረግ ከመሮጧ በፊት መጋደም ተማረች። ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳው የወደቀ ቀን ከዴስክ ሥር የተገኘችው እሷ ብቻ ናት፤ ከዚያ ወዲህ "ምሽግ" እያሉ ይጠሯታል። የቤቱ ዶሮ እንኳ "ተኛ!" ሲባል አልጋ ሥር ትገባለች።

የሻረግን ሊጠይቁ ያሰቡ ሁለት ቤተሰቦች ይህን ወሬ ሰምተው ቀርተዋል። አሁን ደግሞ ከዓባይ ማዶ የመጣ አንድ መምህር ወዷት ሽማግሌ ላከ። እሷም ወዳዋለች።

"አባዬ፣ ዛሬ ብቻ" አለቻቸው ጠዋት እጃቸውን ይዛ። "ምንም ነገር ቢጮኽ፣ ዛሬ ብቻ።"

"ቃሌ ነው" አሉ። ጉልበታቸውን ዳበስ አድርገው ግን፣ "ቃል የገባው አፌ ነው እንግዲህ፤ ጉልበቴን አልጠየቅሁትም" አሏት።

የመጡት ሽማግሌዎች ሁለት ናቸው፤ የልጁ አጎት አቶ ቢያድግልኝና ጥምጣማቸው ከራሳቸው የሚበልጥ መምሬ አያሌው። የሃምሳ አለቃ ጎረቤት መንገሻም ሳይጠራ መጥቶ ጥግ ይዟል።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ ሃምሳ አለቃ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!" አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ እንደ ወጉ ቆመው።

"ኧረ በእመቤቴ!"

"እሺ ሳንባል? በጭራሽ!"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ።

"ተኛ!"

ሃምሳ አለቃ ወደቁ። ወይዘሮ ብርቄ ትሪውን እንደያዙ ወደቁ። የሻረግ ላለመውደቅ ግድግዳውን ብትይዝም ጉልበቷ አልሰማትም፤ በአዲስ ቀሚሷ ተዘረጋች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"የአገሩ ወግ መሆን አለበት" አሉ አቶ ቢያድግልኝ በሹክሹክታ። "ወጋቸውን ካልጠበቅን ልጅቱን አይሰጡንም። ይተኙ፣ መምሬ!"

"ወገቤስ?"

"ቀስ ብለው!"

ተኙ። የመምሬ ጥምጣምም ተንከባሎ አልጋ ሥር ዶሮዋ ዘንድ ገባ።

መንገሻ ብቻ እንደ ቆመ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እናንተ የዋሆች! የምን ወግ ነው? ሰውዬውን ጦርነት አናውጦት ነው እኮ! ሚስቱንም ልጁንም እንደ ራሱ አድርጓቸዋል። ተነሡና ልብሳችሁን አራግፋችሁ ወደ አገራችሁ!"

የሻረግ ፊቷን መሬት ላይ ደፋች። ሦስተኛውም ሄደ፣ አለች በልቧ፤ የሽማግሌዎቹን ኮቴ ጠበቀች። ኮቴ ግን የለም።

"ሃምሳ አለቃ" አሉ አቶ ቢያድግልኝ ከተኙበት ሳይነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አለፈ?"

ሃምሳ አለቃ ዞር ብለው አዩ። ከግንባር ከተመለሱ ወዲህ የውጭ ሰው አጠገባቸው ሲተኛ ይህ የመጀመሪያው ነው። ክንዳቸውን ተንተርሰው ተመቻቹ።

"አላለፈም መሰለኝ" አሉ።

"እንግዲያው እንቆያለን። እስከዚያው ጉዳያችንን እንናገር፤ መቼም አልተቀመጥንም።"

ወይዘሮ ብርቄ መሬት ላይ እንዳሉ በሳቅ ፈረሱ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ቤቷን ግን መኪና መንገድ ዳር እንዳትሠሩባት።"

መንገሻ ሳቁ ጠፋ። "መምሬ፣ እርስዎ እንኳ ትልቅ ሰው ነዎት! እኔ ጎረቤታቸው እያወቅኋቸው እየነገርኋችሁ፣ ከእነዚህ ጋር መዛመድ ምን ይባላል?"

መምሬ አያሌው ጥምጣማቸውን በእጃቸው እየፈለጉ ከአልጋው ሥር ቀና አሉና፣ "ልጄ፣ ቆሞ ከሚስቅ ጎረቤት፣ አብሮ የሚወድቅ አማች" አሉት።