ቀበሮ በአህያው ላይ የቆረጠችው ዋጋ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እመት ቀበሮ በወንዙ ዳር ሜዳ ላይ የውርርድ ቤት ከፈተች። እኔ ብሆን ቀበሮ የከፈተችው ደጅ አልደርስም ነበር፤ አራዊቱ ግን ተጋፍተው ሰሌዳዋን ያዩ ነበር። ሰሌዳው የፈረስና የአህያ ሩጫ እንዳለ ይናገራል፦ ፈረስ ሲቀነስ 300፣ አህያ ሲደመር 500።

«ምን ማለት ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«ቀላል ነው» አለች ቀበሮ። «ፈረሱ ያሸንፋል ካልክ መቶ አጥንት ለማትረፍ ሦስት መቶ ታስይዛለህ። አህያው ያሸንፋል ካልክ ግን መቶ አስይዘህ አምስት መቶ ታተርፋለህ። ካልሆነልህ ያስያዝከው የእኔ ነው።»

ጅብ ለክረምቱ ያጠራቀመው አጥንት ልክ መቶ ነበር፤ የሚስቱና የሦስት ልጆቹ ቀለብ ማለት ነው። «መቀነስ የሚባል ነገር አልወድም» አለ። «መደመሩን ስጪኝ!» በሩጫው ቀን ማለዳም መቶውን ተሸክሞ አምጥቶ አስረከበ። ለቁርስ እንኳ አንድ አላስቀረም።

አህያው ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ከጅብ ራቅ ብሎ፣ ከቁጥቋጦ ማዶ ተጣራ። «አያ ጅቦ! ፈረሱን አይተኸዋል? አርጅቷል፣ የኋላ እግሩም ያነክሳል። ታዲያ ይህቺ ቀበሮ እሱን አሸናፊ ያደረገችው በምን ሒሳብ ነው? እኔ እንደማላሸንፍ ምን አሳወቃት?»

«ተሳስታ ነዋ!»

«እሷ? በአጥንት ጉዳይ?»

«አንተ ዝም ብለህ ሩጥ!» አለ ጅብ።

አህያው ነገሩ አልጣመውም። ግን ለአሸናፊው አንድ ጆንያ ገብስ ተብሏል፤ ቀበሮም በሜዳዋ ማንም ማንንም እንደማይበላ ምላለታለች። እየሰጋ ወደ መነሻው ሄደ።

ሩጫው በጠዋት ይጀመራል ተብሎ ነበር። ቀበሮ ግን አንዴ ገመዱ አልተወጠረም፣ አንዴ ዳኛው አልመጣም እያለች እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየችው። ጅብን ደግሞ «አንተማ ትልቅ ደንበኛዬ ነህ» ብላ ከመጨረሻው ገመድ አጠገብ አስቀመጠችው። ይሄ ክብር ይመስላችኋል? እኔን አልመሰለኝም።

ሩጫው ሲጀመር አህያው ፈረሱን ከኋላ ጥሎት መጣ። ጅብ «በርታ! በርታ የኔ ጌታ!» እያለ ይጮኻል። አህያው ቀረበ፤ ወፍራም ጭኑ በላብ ያብረቀርቃል። ጅብ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ጩኸቱ ቆመ፣ ለሃጩ ተዝረከረከ፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ገመዱን ዘለለ። አህያው ለማለፍ አምስት እርምጃ ሲቀረው ዞሮ ወደ መንደር ፈረጠጠና ነፍሱን አተረፈ። ፈረሱ እያነከሰ መጥቶ ገመዱን አለፈ።

«አህያው እኮ ቀድሞ ነበር!» ብሎ ጅብ አለቀሰ። «የልጆቼ ቀለብ! እግሩ እንዲህ ፈጣን ሆኖ ሳለ እንዴት አይሆንለትም ብለሽ ገመትሽ?»

«እግሩንማ መች ገመትኩ» አለች ቀበሮ አጥንቶቹን እየሰበሰበች። «ዋጋውን የቆረጥኩት ያንተን ሆድ አይቼ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ሰው ለአንድ ነገር ብዙ እከፍላለሁ ሲለን፣ የምናገኘውን ከመቁጠራችን በፊት ያ ነገር እንደማይሆን በምን አወቀ ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።