የጦጢት ጀርባና የመስከረም ገበያ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ እመት አህዪት ገበያ ዳር ቆማ አንገቷን እያዞረች የገዛ ጀርባዋን ለማየት ትታገል ነበር። ማየቱ አልሆነላትም፤ ምን እንደሚመስል ግን ታውቃለች። ክረምቱን ሙሉ ገብስ ስትሸከም ከርማ፣ ኮርቻው የፈገፈጋት ቦታ ጠጉሩ አልቆ ቆስሏል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ግድም አይሰጣት። አሁን ግን የሜዳ አህዮች ልጇን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ ይዘው መምጣታቸው ነው።

የሜዳ አህዮችን የማያውቅ የለም። ጥለት ለብሰው የተወለዱ፣ ሣር ሲግጡ እንኳ ለዓመት በዓል የወጡ የሚመስሉ ናቸው። «እነሱ ፊት በዚህ ጀርባ ልቁም?» እያለች ትብሰለሰላለች። ልጇ ደግሞ ልጁን ወዳዋለች፤ ስሙ ሲነሳ ጆሮዋ ቀጥ ይላል። እናት በእጇ ያላት ለክረምቱ ድካሟ የተሰጣት አንድ ጆንያ ገብስ ብቻ ነው። እሱን በማይሆን ዕቃ ከለወጠችው ሌላ የላትም።

በዚያ አገር ወቅት ሲለወጥ ማንም ጦጢትን ሳይጠይቅ አይገዛም። ጦጢት የምትሸጠው ነገር የላትም፤ ሥራዋ መሞከር ነው። ኩል ከሆነ ዓይኗን ትኳልና ታለቅስበታለች። ነጠላ ከሆነ አጥባ፣ አስጥታ፣ መልሳ ታጥበዋለች። ሰሌን ከሆነ ተኝታበት ታድርና ጠዋት ጎኗ ላይ የቀረውን ሰንበር ለገበያተኛው ታሳያለች። ከዚያ በኋላ ነው ገበያው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ወጥታ የምትናገረው።

እመት አህዪት ስትደርስ ጦጢት እንዲህ ትል ነበር፦

«የዘንድሮ እንሶስላ ደህና ነው። እጅና እግሬን አስሬ አደርኩ፤ ይኸው፣ ፍም መስሏል። ውሃ ውስጥ የምትውሉ ግን ቶሎ ይለቃችኋል፤ እመት ዳክዬ፣ አትድከሚ። ነጠላ የምትፈልጉ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን ውሰዱ። የቀዩ ሲታጠብ ቀለሙ ይሄዳል። የኔው ነው ይኼ፤ ተመልከቱት፣ የወጥ መጥረጊያ ሆኖ ቀረ።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጃርት ከኋላ ሆና «ሙዳዩስ እንዴት ነው?» ብላ ጮኸች።

«ሙዳዩን ገና አልሞከርኩትም። ያልሞከርኩትን ምን ብዬ ልናገር?»

እመት አህዪት ጭነቷን ረስታ አዳመጠች። ስንቱ በማያውቀው ነገር ሲምል አይታለች። «አልሞከርኩትም» ብሎ እንዲህ ቀና ብሎ የሚቆም ግን አላየችም። «ምነው እኔም እንደሷ በሆንኩ» አለች በልቧ።

ከድንጋዩ ትይዩ ቀበሮ ዕቃውን ዘርግቷል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቢጫ ቅቤ፣ ዳር እስከ ዳር የተጠለፈ ካባ፣ የለፋ የበሬ ቁርበት። ጦጢት ዕቃውን እንድታመሰግንለት ሙዝ ልኮላት ነበር። እሷም «እኔ በባዶ ሆዴ ነው የማሸተው» ብላ ሙዙን መለሰችለት። ቢቸግረው አያ ጅቦን በአጥንት ቀጥሮ አወዳሽ አደረገው።

«ኑ፣ ኑ ወደዚህ!» ይላል አያ ጅቦ። «ይህ ቅቤ ጠጉር ያለመልማል! እኔ ራሴ በየቀኑ እ… እቀባዋለሁ!»

«የት ላይ ነው የምትቀባው?» አለው አንዱ።

«ጉሮሮዬ ላይ!»

ቀበሮ በጅራቱ ቸብ አደረገውና ወደ እመት አህዪት ዞረ። «እመቤቴ፣ ለአንቺ ለይቼ ነው ያስቀመጥኩት። ቅቤው ለጀርባሽ፣ ካባው ለላይሽ፣ ቁርበቱ ለእንግዶችሽ መቀመጫ። ሦስቱን በአንድ ጆንያ ገብስ። የሜዳ አህያ ጥለት ከዚህ ካባ አጠገብ ምን ዋጋ አለው?»

ካባው ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። የእመት አህዪት ልብ ሸፈተ። ጆንያውን ልታወርድ ስትል አያ ጅቦ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ጠጋ አለ።

«ቁርበቱን የት ታነጥፊዋለሽ?»

«ጓዳ ነዋ።»

«አይ፣ አይ፣ በር ላይ ይሻላል። ማታ ማታም በሩን ገርበብ አድርጊው፤ ቁርበት ንፋስ ይወዳል። ልጅሽስ የቱ ጋ ነው የምትተኛው?»

ቀበሮ ኮስተር ብሎ አሳለ። «ለልጅቱ አስቦ ነው እመቤቴ፣ ብርድ እንዳይመታት።»

የእመት አህዪት ጆሮ ወደ ኋላ ተኛ። «እስቲ ጦጢትን ልጠይቅ» አለች።

«ጦጢትን?» ቀበሮ ሳቀ። «በዕድሜዋ አንድ ቁና ተሸክማ የማታውቅ፣ ስለ ጀርባ ምን ታውቃለች?»

ይህ ቃል እመት አህዪትን ወጋት፤ እውነት ነበራ። ያም ሆኖ ሄደች፤ ቀበሮና አያ ጅቦ ያሉትንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ጦጢት አልተቆጣችም። አገጯን አከከች።

«ልክ ነው፤ ጀርባዬ ቆስሎ አያውቅም። ለጠጉር የሚሆን ቅቤ ለቁስል ይሁን አይሁን አላውቅም።» ከድንጋዩ ወረደች። «ኮርቻሽን አውጪና እኔ ላይ ጫኚው።»

«ምን?»

«ገብሱንም ጨምሪበት።»

«ኧረ ትሞቺብኛለሽ!»

«እንግዲያው ግማሹን።»

ያን ዕለት ገበያው ያልታየ ነገር አየ። ጦጢት በኮርቻ ውስጥ ጠፍታ፣ ከግማሽ ጆንያ ገብስ ሥር ጅራቷ ብቻ እየታየ፣ ዳገቱን ትወጣለች። ከርከሮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይፈነድቃል። «እመት ጦጢት፣ ማን ገዛሽ? ጭድም ጀመርሽ እንዴ?»

«ከጣፈጠኝ እነግርሃለሁ!» አለችው እያለከለከች።

እመት አህዪት ባዶ ጀርባዋን ይዛ ከጎኗ ትሄዳለች። ከተወለደች ጀምሮ የሷን ጭነት ሌላ የተሸከመላት የለም። ዝንቧን በጅራቷ እየመታችላት ተከተለቻት። ጦጢት ግን አልበቃትም። ጀርባዋ እስኪላጥ ድረስ በየቀኑ ወጣች፣ ወረደች። ከዚያም ቀበሮ ዘንድ ሄዳ ዕቃውን ለሙከራ ጠየቀችው። እሱም «በመጨረሻ ልብ ገዛሽ» ብሎ እየተንቀባረረ ሰጣት። በቁስሉ በአንዱ በኩል የሱን ቅቤ፣ በሌላው በኩል ከላም ዘንድ የመጣ፣ በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች።

እመት አህዪት ልትጠይቃት ስትመጣ ጦጢት ከዛፏ ሥር በደረቷ ተኝታ አገኘቻት።

«እንዴት ሆንሽልኝ?»

«ልሳሳት እችላለሁ» አለች ጦጢት። «እኔ ትንሽ ነኝ፣ ቆዳዬም ቀጭን ነው። ያየሁትን ግን ልንገርሽ። የቀበሮ ቅቤ ሲቀልጥ ቅቤው ሄዶ የተፈጨ ዱባ ቀረ። ዝንቡን ሁሉ ጠርቶ ሰበሰበብኝ፤ ደግሞ ያቃጥላል። የአደሱ ግን አቀዘቀዘኝ፤ ይኸው መጠገግ ጀምሯል። ካባውም ያምራል፤ መዋሸት አልችልም፣ እንደሱ የሚያምር ዘንድሮ አላየሁም። ጥልፉ ግን ቁስሉ ላይ ተጣብቆ፣ ስገፍፈው ቆዳዬንም አብሮ ገፈፈው። ለአንቺ ስስ ነጠላ ነው፤ አረንጓዴ ጥለት። ለእንግዶችሽም ሰሌን።»

«ቁርበቱስ?»

ጦጢት ቀና አለች። «ቁርበቱን አያ ጅቦ እንዳለው ደጄ ላይ፣ ከዛፌ ሥር፣ ከሣር መኝታ አጠገብ አነጠፍኩት። ማታ መጣ። ቁርበቱን በላ። ከዚያ ሣሩን እያሸተተ ‹ልጅቱስ?› አለ። እኔ ላይ ዛፉ ላይ ነበርኩ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅሽ ግን ዛፍ አትወጣም።»

እመት አህዪት እዚያው ተቀመጠች። ቀበሮና አያ ጅቦ የተስማሙበት አጥንት የማን እንደነበር ገባት።

በማግስቱ ጦጢት እያነከሰች ድንጋዩ ላይ ወጣችና ለእመት አህዪት የነገረቻትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለገበያው ነገረች። ዘወር ብላም ጀርባዋን አሳየች፤ አንዱ ጎን ቀይ፣ አንዱ ጎን ደርቋል። ከርከሮ እንኳ አልሳቀም። ገበያተኛው ፊቱን ወደ ቀበሮ ቢያዞር ቀበሮ የለም፤ አያ ጅቦ ብቻ ዱባ ቅቤውን እየላሰ ደመወዙን ይጠብቃል። ጎሾች በቀንዳቸው እያዋከቡ ከአገር አስወጡት።

መስከረም ሲጠባ የሜዳ አህዮች መጡ። ሰሌኑ ተነጥፏል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እመት አህዪት ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ በአደስ ወዝታ ደጅ ቆመች። ቁስሉ ደርቋል፤ ጠባሳው ግን በስሱ ነጠላ ሥር ይታያል። የልጁ እናት ዓይኗን ጠባሳው ላይ ተከለች። 

«ይህን ያህል ቁስል እንዲህ አሳምሮ ያዳነልሽ ማነው?» አለች የሜዳ አህያዪቱ።

እመት አህዪት ምንም ሳትደብቅ ከኮርቻው እስከ ቁርበቱ ያለውን ሁሉ ተናገረች። እንግዳዪቱ ሰምታ ስትጨርስ «እስቲ እሷን አምጡልኝ» አለች። ጦጢት አፍራ፣ እየተሽኮረመመች ገባችና ጀርባዋን ሰጠች። በዚያች ትንሽ ጀርባ ላይ የኮርቻ ጠባሳ ነበር፤ ልክ እንደ አህያ።

 የሜዳ አህያዪቱ ወደ ሽማግሌዎቿ ዞረች።

«እኛ አገር ሁሉም ቆንጆ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚውለው የራሱን ጥለት ሲያይ ነው። የሌላውን ቁስል ለማወቅ ብሎ ጀርባውን የሚያስልጥ አንድ ጎረቤት የለንም።» ቀጥላም እመት አህዪትን ዝቅ ብላ እጅ ነሳቻት። «ልጅሽን ይዘን አንሄድም፤ ፈቃድሽ ከሆነ ልጃችን እዚሁ፣ በእናንተ መሐል ጎጆ ይውጣ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ምክር የምንሻ ጊዜ ዕቃውን አሳምሮ ለሚያወድሰው ሳይሆን የእኛን ሸክም በራሱ ጀርባ ሞክሮ ላየው ጆሮ መስጠት እንደሚገባን ነው።