ነቀዝ ያልገባበት ጋን

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በድሮ ዘመን፣ ነቀዝ ከሰው ቀድሞ እህል በሚበላበት አገር፣ ዘርፌ የምትባል ልበ ሙሉ ሸክላ ሠሪ፣ የሰው ወሬ የሚፈሩ ንጉሥና ገበያው የሚባል ምላሰኛ ነጋዴ ነበሩ።

በዚያ አገር ማሽላው በሽበሽ ነው። ክረምቱ ሳይጋመስ ግን ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። ያኔ ገበያው ከሩቅ አገር እህል ያመጣና በማራቸው፣ በቅቤያቸው፣ በከብታቸው ይለውጣል። መለወጫ ያጣ ልጁ እንዳይራብበት ለባለጠጋ ይሰጣል፤ የሚያበላው እህል ይዞ እስኪመጣም ልጁን አያይም። ዘርፌም የአራት ዓመት ልጇን ስንዱን ወንዝ ማዶ ላለ ባለጠጋ ሰጠች።

«ነቀዝ የማይገባበት ጋን ልሥራና መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እናቴ» አለቻት።

ንጉሡም ሐሳቧን ሰምተው ማገዶ ሰጧት። የመጀመሪያው ጋን እሳት ውስጥ ፈነዳ። እሷ ገሉን እያገላበጠች ጥፋቱን ትፈልጋለች፤ ገበያው ግን ቤተ መንግሥት ገባ።

«ጃንሆይ፣ ለስባሪ ማገዶ ይፈጃሉ? ሕዝቡስ ምን ይላል?»

ንጉሡ ማገዶውን ከለከሉ። ደግሞም በዚያ አገር ሸክላ የፈነዳበት ሰው ገደ ቢስ ነው ተብሎ እሳት አይሰጠውም ነበር።

አንዷን ጎረቤት «እሳት ልጫር» ብትላት «ወዲያ ሂጂ!» አለቻት። ሁለተኛዋን ብትላት ፊቷን አዞረች። ሦስተኛዋ በሩን ዘጋችባት።

ስለዚህ ማገዶውን ከዱር እየለቀመች፣ ፍሙን ከማያውቋት ሰዎች ለመጫር የሁለት ቀን መንገድ ትሄድ ጀመር። ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይጠፋባታል። ስንዱ ስትናፍቃት ትንሿን ቀሚሷን ታሸታለች፤ ታለቅሳለች፤ ተነሥታም ጭቃ ታቦካለች። ሁለተኛው ጋን እርጥበት አስገባ። ሦስተኛው በዘጠነኛው ዓመት ጸና።

ማሽላ ሞልታ ከደነችውና በነሐሴ ንጉሡ ፊት ከፈተችው። ማሽላው አንድ ፍሬ አልተበላም።

ንጉሡ አፈሩ። ሸክላ የሚሞክር ሁሉ ማገዶ እንዲያገኝ፣ የፈነዳበትም ቀድሞ እሳት እንዲጭር አዋጅ አስነገሩ። አገሩ ጠግቦ ለጎረቤት መሸጥ ጀመረ። ገበያውን ገዢ ራቀው፤ ያከማቸውን ሁሉ ነቀዝ ጨረሰው።

ዘርፌ ግን ሽልማት ሳትጠብቅ ወንዙን ተሻገረች። አንዲት ኮረዳ የባለጠጋውን በር ከፈተች። ዘርፌ ዓይኗን አይታ ስንዱ መሆኗን አወቀች።

ኮረዳዋም «ማንን ፈልገው ነው፣ እማማ?» አለቻት።

ልጆቼ፣ ማሽላ በየዓመቱ ይበቅላል፤ ያ ዘጠኝ ዓመት ግን አይመለስም። የሚሞክረውን ሰው በመጀመሪያው ስብራት የሚያባርር አገር ዋጋውን በልጆቹ ይከፍላል። እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ አትርሱት።