ሦስት ድንጋይ፣ አንድ ምሕረት

በአንድ ወቅት፣ ዕድሮች ሁሉ ባለ ፎቅ አዳራሽ ካልሠራን ባሉበት ዘመን፣ የአንድ ሰፈር ዕድር ሥራውን ለሦስት ወንድማማቾች ሰጠ። የሰፈሩ ልጆች ስለሆኑ ማንም አልጠረጠራቸውም።

ታላቁ ሞላልኝ መሐንዲስ ነው። ፎቁን የሚሸከመውን አግዳሚ ብረት፣ ቢሙን፣ ያሰላው እሱ ነው። "ላዩ ላይ ምን ይቀመጣል?" ብሎ ጠየቀ። "ሰው ይሰበሰብበታል" አሉት። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ሁሉ እዚያው ፎቅ ላይ እንደሚከመር የዕድር ልጅ እንዴት ይጠፋዋል? እሱ ግን ለተነገረው ብቻ አሰላ። በኋላ ሲመረመርም በስሌቱ አንዲት ስህተት አልተገኘም።

መካከለኛው ፈጠነ ብረቱን የገዛው ነው። ማንም ሳያስገድደው ከመጣው ብረት ቆርጦ ለፍተሻ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ብረቱ ከተጠየቀው ጥንካሬ በጥቂቱ ያንሳል። ሌላ ይምጣ ቢባል ክረምቱ ይገባል፣ የተጀመረውን ግድግዳም ዝናብ ይበላዋል። "ለዚህች ታህል?" አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ታናሹ አስናቀ በያጅ ነው። አዳራሹ ተመርቆ ዓመት ሳይሞላው የቢሙ ወገብ መጉበጡን አይቶ፣ ሳይጠራ መጥቶ ከሥሩ ምሰሶ አቆመለት። አንድ ቀን ግን ለቅሶ ሆነና ሰው በዛ። የዕድሩ ሽማግሌዎች "ምሰሶው መቀመጫ ዘጋብን፤ እስከ ሰልስቱ አንሳልን" ብለው ለመኑት። እምቢ ማለት አቃተውና በገዛ እጁ አነሳው።

በማግስቱ ፎቁ ወረደ። ከሥር ለለቀስተኛ ሻይ ታድል የነበረችው ትርሲት ሞተች። እናቷ ወይዘሮ ይታይሽ ሌላ ልጅ የላቸውም። ይህን ስናገር ዛሬም ያመኛል።

ወንድማማቾቹ እስራታቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ በወጉ መሠረት እያንዳንዳቸው ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ የዕድሩን ሽማግሌዎች አስከትለው ወይዘሮ ይታይሽ ደጅ ተንበረከኩ። ድንጋዩን ማውረድ ይቅር ማለት ነው።

"እትዬ፣ እኔ የተጠየቅሁትን አሰላሁ" አለ ሞላልኝ።

"ይፈተሽ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ ፈጠነ።

"እኔ ደግፌው ነበር" አለ አስናቀ።

ወይዘሮ ይታይሽ፣ "ለሦስታችሁ የሚበቃ ሆድ የለኝም" አሉ። "ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ለአንድ ሰው የሚሆን ነው። ሁለታችሁ እንደተሸከማችሁ ትመለሳላችሁ።"

ሽማግሌዎቹ አልተከራከሯቸውም፤ ምሰሶውን አንሳ ያሉት እነሱ ናቸውና።

ወይዘሮዋ ተነሥተው ወደ ሦስቱ ቀረቡ። እኔ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ የማንን ድንጋይ ታወርዱ ነበር?