ዋሻው የጠበባቸው ልጆች

አንድ ጊዜ፣ በበጋ ሰደድ እሳት በሚበዛበት ሸለቆ ውስጥ፣ የአራዊት ልጆች የሚማሩበት ሰፊ ዋሻ ነበር። አስተማሪዋ እመት አህዪት ነበረች። ጢስን ከሩቅ ማሽተትን፣ የንፋሱን አቅጣጫ መለየትን፣ እሳት ሲነሳም ወደ ወንዝ እንጂ ወደ ዳገት አለመሮጥን ታስተምራለች።

አንድ ዓመት ክፉ በሽታ ገብቶ ብዙ ግልገል ስለጨረሰ የዋሻው ጓዳ ባዶ ቀረ። ጅብ ይህን አይቶ ለአጥንቱ ማከማቻ ተመኘው። ቀበሮም ከአጥንቱ ጎን ለራሱ ማደሪያ አሰበና ጅብን አስከትሎ ወደ ሸለቆው አለቃ ወደ አንበሳ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ተማሪ የሌለበት ጓዳ ምን ያደርጋል?» አለ ቀበሮ። «ጅብ አጥንቱን ያስቀምጥበት፤ እኔም በዚያው እያደርኩ ዋሻውን ልጠብቅ።»

እመት አህዪት ወሬው ሲደርሳት እየሮጠች መጣች።

«አያ አንበሳ፣ የእናቶቹን ሆድ አላዩም?» አለችው። «ቆላው ደርቆ ስንቱ ቤተሰብ ወደኛ እየመጣ ነው። የሚወለዱትም የሚሰደዱትም ነገ እዚሁ በር ላይ ናቸው።»

አንበሳ፣ ያልተወለደ ልጅ ቦታ አይጠይቅም ብሎ ሳቀ። ጅብም ነገሩ ሳይገባው አብሮት ሳቀ። ጓዳው ተሰጠ።

ክረምት አልፎ ክረምት ተተካ። ትምህርት ሲጀመር ግልገሎቹ በሩ ላይ ተጋፉ። የቀደሙት ገቡ፤ የቀሩት ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እመት አህዪት በፈረቃ ልታስተምር ሞከረች፤ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፤ ለሁሉም ግን አልተዳረሰችም። አንበሳ ጅብን ጓዳውን እንዲለቅ ቢጠይቀው፣ ያን ሁሉ አጥንት የት ላድርገው ብሎ አለቀሰ። ቀበሮ ደግሞ እነዚህ እንግዶች ናቸው፣ ዝናብ ሲጥል ወደ ቆላቸው ይመለሳሉ አለ። አንበሳ እንደማይመለሱ ያውቅ ነበር። ነገር ግን የሰጠሁትን መልሼ ብነጥቅ ተሳስቷል ይሉኛል ብሎ ፈርቶ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ በዋሻው ደጃፍ ማለፍ ተወ። ልጆቹ ቀና ብለው ሲያዩት ፊቱን የሚያስገባበት ይጠፋው ስለነበር፣ እሾሃማውን መንገድ ዞሮ ይሄድ ጀመር።

በጋ ሲገባ እሳቱ ተነሳ። የተማሩት ወደ ወንዝ ሮጡ። ውጭ የቀሩት እሳቱን የሚያመልጡት ከፍታ ላይ መስሏቸው ወደ ዳገት ሮጡ፤ እሳት ደግሞ ዳገት ሲወጣ ከማንም እግር ይፈጥናል።

እሳቱ ሲበርድ አንበሳ ወደ ዳገቱ ወጣ። ከቆላ ተሰዳ የመጣች አንዲት ሚዳቋ ከሁለት ግልገሎቿ አጠገብ ቆማለች። ወንዱ ሞቷል። ሴቷ ሰኮናዋ ተቃጥሎ ተኝታለች።

«ለምን ወደ ዳገት ሮጣችሁ?» አላት አንበሳ ሴቷን ግልገል።

«ወደየት ነበር መሮጥ ያለብን?» ብላ መልሳ ጠየቀችው።

አንበሳ ሊቆጣት ነው ብላ ስለፈራች ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«በሩ ላይ ነበርን። እመት አህዪት የምትለው ግን እኛ ጋ አይሰማም ነበር።»

እናትየዋ አልረገመችውም። ብትረግመው ይሻለው ነበር። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ አንገቱን እንደደፋ ቁልቁል ወረደ።

አራዊቱ ተሰብስበው ጅብንና ቀበሮን ሲኮንኑ አገኛቸው። ቀበሮ ስሙ ሲነሳ ሰምቶ ቀድሞ ጠፍቷል። ጅብ አጥንቱ ላይ ተኝቷል።

«ጓዳውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ አንበሳ። «እንደጠበበም እያየሁ፣ አፍሬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ሁሉም እያየው አጥንቱን በገዛ አፉ እየጎተተ አወጣ። ማንም አላገዘው፤ እሱም አግዙኝ አላለም። ጓዳው ሲጸዳ ከጎኑ ሌላ ዋሻ ማስቆፈር ጀመረ። በየዓመቱም ከክረምት በፊት ከእናት ወደ እናት እየዞረ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንዳረገዘች፣ ከየት ማን እንደመጣ ይጠይቅ ነበር። እናቶቹ ይመልሱለታል። ሚዳቋዋ ዘንድ ሲደርስ ግን ሳይጠይቃት ያልፋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሚመጡት ልጆች ቦታ የሚሰናዳው ገና ሳይመጡ እንጂ በር ላይ ከቆሙ በኋላ እንዳልሆነ፣ ጥፋትን አፍሮ መደበቅም ከጥፋቱ የባሰ ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው።